ዘፋኝ የሌለው ካሴት

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ ለልብስ ሰፊው፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ወጉ «ከናፍቆትዎ በስተቀር» ብዬ ላልፈው ነበር፤ ዛሬ ግን ከናፍቆቱ ሌላ ቅሬታም አለብኝና እሱን ሳልናገር ሰላምታው አይወጣልኝም።

ሐምሌ ላይ የደወልኩልዎን ያስታውሳሉ? ጎረቤትዎ ፀጉር ቆራጩ የሱቁን ስልክ አንስቶ ከበሩ ላይ ጮኾ ጠራዎት። መጡ። «ጋሼ፣ ሆዴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበር፣ ገና መነሳቴ ነው» አልኩዎት። እርስዎስ ምን አሉኝ? «እሰይ የኔ ልጅ! ደግ አደረግሽ! እንኳን ደስ ያለሽ!» ብለው ስልኩን ለፀጉር ቆራጩ መለሱለት። እኔ እዚህ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ፀጉር ቆራጩ «አሁን ከዚህ ወጡ» ይለኛል። እርስዎ ከሱቅዎ መቼ ወጥተው ያውቃሉ?

ቅር ያሰኘሁዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ሱቁን ጥዬ መሄዴ ከሆነ፣ እዚህም የምኖረው እርስዎ ባስተማሩኝ ሙያ ነው። አንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ የአውቶብስ ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። አሮጌውን ስቀደው ከወንበሩ ውስጥ የማይወጣ ጉድ የለም፤ ማበጠሪያ፣ የልጅ ካልሲ፣ ትናንት ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ባለቤቱ እስካሁን አልጠየቀም። ምን እያኘከ ይሆን?

ሬዲዮዎን ለሰው መስጠትዎን ከፀጉር ቆራጩ ሰማሁ። ያለ ሬዲዮ መቀስ የማያነሱ ሰው ዝም ባለ ሱቅ ውስጥ መቀመጥዎን ማሰብ አልቻልኩም። ስለዚህ ቴፕ ልኬልዎታለሁ። የሚያመጣልዎ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ አይዘኑበት። በቴፑ ፋንታ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስደውል ስልኩን ያንሱልኝ። ተቀይመውኝም ከሆነ ከራስዎ አፍ ልስማው።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ፣
ፉጨት

(ቅጽል ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። እዚህም ድምፄን የሰማ ሁሉ እንደ ወፍ ነው የምታወራው ይላል።)


ኅዳር 22 ቀን

ለወንድሜ ልጅ ለፉጨቴ፣

ሰላምታዬ ፖስተኛው ተሸክሞት እስኪደክመው ድረስ ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም እንደ ዕድሜዬ ነው፣ ሳይሰበር ይጎብጣል።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ኦፕራሲዮን? ልጄን በቢላ ቀደዋት እኔ እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ? መስመሩ መጥፎ ነበር እኮ! ሠርግሽን የነገርሽኝ መስሎኝ ነው። እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርሽ። ስፌቱን እንዴት አደረጉት? በደንብ ካልሰፉት ንገሪኝ። የተቀየምኩሽ ነገር የለም። ይህን ከጭንቅላትሽ አውጪው።

ቴፑ ደርሶኛል። ሰውዬው እውነትም ዝምተኛ ነው፤ ተስማምተናል። ውስጡ ግን ካሴት ረስተሽበታል። እስቲ ይሠራ እንደሆን ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቁልፉን ተጫንኩት። ልጄ! መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የሸሚዝ ቁልፎች መዝለል ጀመሩ። መቀሱ እየተንሸራተተ ሄዶ ጠመኔዬን ገፋው። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ባስደግፍ ሙዚቃው በክንዴ ገብቶ ደረቴ ውስጥ ቁጭ አለ። ጊታር ነው፣ ከበሮ ነው፣ ግን እንደምናውቀው አይደለም። ሥራዬን ትቼ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ፀጉር ቆራጩ ምላጩን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛ። «ምንድነው ይሄ? ፋብሪካ ከፈትክ?» አለኝ። የሱን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ በሹክሹክታ እንኳ ግድግዳ ይነቀንቃል። ቀጥሎ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነክቷት ነው?» አለኝ። ስላንቺ መጠየቁ ነው፤ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት። አይቶኝ አይቶኝ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ስልኩን በተመለከተ፣ ሰሞኑን መስመሩ እንደበፊቱ ነው፤ ከመደወል መጻፍ ይሻላል። ደግሞ የጽሕፈትሽ ማማር! ሌላ ምንም አትላኪልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። «ሠርግ መስሎኝ ነው» ያሉትን አምኛለሁ፤ ቁስሉም ድኗል፣ ስፌቱ የእርስዎን ባያህልም ደህና ነው። ግን ጋሼ፣ በእኔ በኩል መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ሲያስነጥስ ሁሉ ሰምቻለሁ።

ካሴቱን እኔ አላውቀውም። ቴፑን የገዛሁት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ ሻጩ መሥራቱን አየና ጠቀለለልኝ፣ ውስጡን አልፈተሽኩም። ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? ሽፋን አለው? እርስዎ ድሮ ሙዚቃ ከተቻኮለ «ምን አሯሯጠው?» የሚሉ ሰው አልነበሩ? ጠረጴዛ የሚያስዘልል ነገር ወደዱ ማለት አልዋጥልኝ አለ።

ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ፀጉር ቆራጩ «ጋሼ ሱሪ ለማድረስ ወጥተዋል» አለኝ። ከጀርባው ግን ሙዚቃው ይሰማ ነበር። ጋሼ፣ ሱሪ ለማድረስ የወጣ ሰው ቴፕ ከፍቶ አይሄድም። ምን እንደሆኑ ይንገሩኝ።

ፉጨት


የካቲት 2 ቀን

ለፉጨቴ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለምትሰፊያቸው ወንበሮች፣ ሰላም ለሚቀመጡባቸውም። ዘገየሁ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወጥሮ ይዞኝ ነው።

ሽፋን አለው። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ደንበኛ አንብቦልኝ፣ የባንዱ ስም «እርጥብ ክብሪት» ማለት ነው አለኝ። ሮክ የሚባለው ነው። አልበሙ ደግሞ «ደረጃው ሥር»። ሥዕሉ ላይ ሦስት ጠጉራቸው የረዘመ ወንዶች አሉ፤ ፀጉር ቆራጩ ሲያያቸው አዘነ። አጠገባቸው አንዲት ቀጭን ሴት ቆማለች። ምን እንደምትሠራ አላወቅኩም። የአንዱ እህት ትሆናለች፤ ወይም ልብሳቸውን የምትሰፋላቸው። ከሆነች ግን እጅጌ አታውቅም።

አሁን እያንዳንዱን ዘፈን በክርኔ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው በድምፀ ወፍራሙ ጊታር ብቻ ይጀምራል፤ ከባድ ጫማ ያደረገ ሰው የእንጨት ደረጃ ሲወጣ ማለት ነው። ከዚያ ከበሮው ይቀበለዋል። እኔም ፔዳሌን ከሱ ጋር እረግጣለሁ፤ ስፌቴ እንዲህ እኩል ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ለቀሚስ አይሆንም፣ ለዚፕ ግን ግሩም። ሦስተኛውን ነው የምወደው። እየከበደ እየከበደ ይመጣና ድንገት ሁሉም ዝም ይላሉ። ረጅም ዝምታ ነው። መጀመሪያ ቀን ተበላሸ ብዬ ቴፑን በጥፊ መትቼዋለሁ። አሁን ግን ለምጄው እዚያ ዝምታ ላይ ክር እቀይራለሁ። ክሩን አስገብቼ ቀና ስል ሁሉም ባንድ ላይ ይመለሳሉ፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ሳላስበው እስቃለሁ።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ደግሞ ዘፋኝ የሌለው መሆኑ ነው። ሬዲዮ የተውኩት ለምን ይመስልሻል? ወሬ ብቻ። እነዚህ ልጆች ግን ሥራቸውን ሠርተው ይሄዳሉ፤ አያወሩም።

ፀጉር ቆራጩንም ሙዚቃው ይዞታል፤ አልወደድኩትም ይላል እንጂ። አንድ ደንበኛ እየላጨ ራሱን በሙዚቃው ሲነቀንቅ የደንበኛው ጺም ባንድ ወገን አጥሮ ወጣ። ሰውዬው ፋሽን መስሎት አመስግኖ ሄደ።

ሌላ አትላኪልኝ ያልኩትን አንሺልኝ። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ካሴት ካላቸው ፈልጊልኝ። ስለ ስልኩ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አጎትሽ


የካቲት 29 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ሰላምታዬን ቁጭ ብለው ይቀበሉኝ፤ ይህንንም ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ቴፑን የሸጠልኝን ሰውዬ አሮጌ ዕቃ ገበያ ሄጄ አገኘሁት። «እርጥብ ክብሪት» ስለው ሳቀ። ካንድ አልበም በላይ አላወጡም፤ ያንን እንኳ ማንም አልሰማላቸውም አለኝ። ግን የዚያኑ ካሴት ሌላ ቅጂ ከሣጥን ሥር አወጣልኝ። ጋራዡ ውስጥ በምሳ ሰዓት አንድ ወንበር የሌለው አውቶብስ ውስጥ ገብቼ በባልደረባዬ ቴፕ ከፈትኩት።

እርስዎ እንዳሉት ነው። ወፍራሙ ጊታር ደረጃ ይወጣል፣ ከበሮው ይቀበለዋል፣ የአውቶብሱ ወለል ከእግሬ ሥር ይነዝራል። ደስ አለኝ፤ ጋሼ በዚህ ዕድሜዎ ይህን መውደድዎ አኮራኝ። ግን ጋሼ፣ ሴት ልጅ ትዘፍናለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ያቺ ሥዕሉ ላይ ያለችው ቀጭን ልጅ ናት። ፀጉር ቆራጩም «ይቺ ልጅ» ያለው እሷን ነው። ድምፅዋ እንደ እኔ ቀጭን ነው፣ ከእኔም ይብሳል። ሦስተኛው ላይ ክር የሚቀይሩበት ዝምታ ዝምታ አይደለም። ሌሎቹ ሁሉ አቁመውላት ብቻዋን የምትዘፍንበት ቦታ ነው።

እዚያው የአውቶብሱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እሰይ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሬዲዮው ትዝ አለኝ። ሱሪ ለማድረስ መውጣትዎ ትዝ አለኝ። እኔ ሞኝ ደግሞ ጠሉኝ ብዬ ስንት ጊዜ አለቅስ ነበር።

አልቆጣም። ለማንም አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ድምፄን መስማት ከተዉ ስንት ጊዜ ሆነ?

የእርስዎው ፉጨት


ሚያዝያ 25 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

በጤናሽ እንዳለሽ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በትዕግሥትሽ እንዳለሽ ግን አላውቅም፣ ብዙ አስጠበቅኩሽ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንት ወረቀት ለቁልፍ መጠቅለያ እንዳደረግኩት አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ ያጣሁት ያንቺን ድምፅ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ገና ሲሰማኝ አንቺ ነሽ የጠፋሽው። ስልኩን አነሳለሁ፣ አንዳች ነገር ሽው ይላል፣ አንቺ መሆንሽን ፀጉር ቆራጩ ስለነገረኝ አውቃለሁ፣ ከዚያ በግምት እመልሳለሁ። ሰው ከሩቅ የሚደውለው ደስ ሲለው ነው ብዬ ሁሉንም እሰይ እል ነበር። አልሰማሽም ብልሽ ደግሞ ሥራሽን ጥለሽ የምትመጪ መሰለኝ። አፈርኩም። ፈራሁም። ልብስ ሰፊ እኮ በጆሮው ነው የሚኖረው። አንዱ ሰውዬ ሱሪውን «አስፋልኝ» ሲለኝ «ስፋልኝ» ያለኝ መስሎኝ እንዳለ አጥብቄ ሰፍቼ ሰጠሁት። እስኪለብሰው ድረስ ተመሰጋገንን። ከዚያ ወዲህ ደንበኛን ሁሉ «በጣትህ አሳየኝ» እላለሁ፤ እነሱ የሙያ ነገር ይመስላቸዋል።

ደብዳቤሽን ለፀጉር ቆራጩ ሰጠሁት። አነበበና ምላጩን አስቀምጦ «እኔ እኮ ከልጅቷ ተጣልተህ ነው ብዬ ነው ስዋሽልህ የኖርኩት!» ብሎ ጮኸብኝ። ይህን ጥሩ አድርጌ ሰምቻለሁ። ሱቁን ዘግቶ እጄን ይዞ ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰደኝ።

ሐኪሟ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ገጥማ ድምፅ ሲመጣ እጅዎን ያንሱ አለችኝ። ወፍራም ወፍራሙ ሲመጣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቶሎ ቶሎ አነሳሁ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም አልመጣም፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ጨርሰናል አለችኝ። ለካ ድምፁን ስትልክልኝ ነበር። ወፍራሙን እሰማለሁ፣ ቀጭን ቀጭኑን ነው ያጣሁት። የዕድሜም የስፌት መኪናም ሥራ ነው አለች።

አሁን ከጆሮዬ ኋላ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ አለኝ። አንቺ የምትፈሪውን አውቃለሁ፤ አያስቀይምም፣ ኮሌታ ከፍ ካደረግኩ አይታይም። ሁሉንም አይመልስም፣ ግን ብዙ ነገር መልሷል። መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። ቆርጬ ቆርጬ የማያስፈልግ ጨርቅ ጨረስኩ።

ከዚያ ካሴቱን ከፈትኩ። እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ ቀን አልወደድኳትም። የለመድኩት ሥራ ላይ ሰው ገብቶ ሲያወራ ማለት ነው። በተለይ ክር የምቀይርበት ላይ ስትመጣ ተናድጄ አጠፋሁት። በማግሥቱ ደግሜ ከፈትኩት። በሳምንቱ ግን እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ክሩ ጣቴ መሀል እንደተንጠለጠለ ቁጭ ብዬ ራሴን አገኘሁት። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ውስጥ ሰው ነበረች፤ እኔ ባዶ ነው ብዬ ክር አስገባ ነበር። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ዘፈኑ ለሷ፣ እንባው ላንቺ ነው።

ደውዪልኝ። ቀኑን ንገሪኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 17 ቀን

ለአጎቴ፣

ሰላም ጋሼ! ዛሬ ሰላምታ ለማሳመር ጊዜ የለኝም፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል።

ሰኔ ሁለተኛው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ፀጉር ቆራጩን ስለ ውሸቱ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ዋሽቶም የእኔን ሰው ጠብቆልኛል።

ካሴቱን እዚህ ጋራዡን ሁሉ አስለምጄዋለሁ። ባንዱን የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ አለቃችን ግን መዶሻውን ከሁለተኛው ዘፈን ጋር ይመታል። ሁለተኛ ካሴት ስለሌላቸው አይዘኑ፤ ይህንኑ ገና አሁን ነው ሙሉውን የሰሙት።

ለዚያ እሑድ የተዘጋጀሁበት ነገር አለ። አልነግርዎትም። ጉሮሮዬ ግን ትንሽ ታሟል።

ፉጨት


ሰኔ 12 ቀን

ለፉጨቴ፣

የዛሬው ሰላምታ ከአፌ ወጥቶ ደርሶሻልና በወረቀት አልደግመውም። የምጽፍልሽ ስልኩ ላይ ለመናገር ያልተመቸኝን ልነግርሽ ነው። ፀጉር ቆራጩ መንገደኛውን ሁሉ ሰብስቦ ከቦኝ ነበር። ሰው መላጨቱን ትቶ «ሰማህ? ሰማህ?» ይለኛል።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» አለኝ። ወፍራም ድምፅ ነው። «ማን ልበል ጌታዬ?» አልኩ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። የትኛው እኔ? ያልሽው እሑድ ነው፣ ያንቺ ሰዓት ነው፣ የሚያወራው ወንድ ነው። ያ ቁስል አገርሽቶ ሰው ሊያረዳኝ የደወለ መሰለኝ። «ልጄ የት አለች? ምን ሆነችብኝ?» ብዬ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ያኔ ሳቅሽ። ሳቅሽን ማወፈር አልቻልሽም፤ አምልጦሽ ወጣ፣ ቀጭን፣ እንደ ልጅነትሽ። የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ፀጉር ቆራጩ የታመምኩ መስሎት ፊቴ ላይ ውሃ ረጨብኝ።

እንድሰማሽ ብለሽ ባዶ አውቶብስ ውስጥ ስንት ሳምንት እንደ ወንድ ማውራት ስትለማመጂ ከረምሽ። ጉሮሮሽን እስኪያምሽ። እንዲህ የደከመልኝ ሰው የለም፤ ዕድሜ ይስጥሽ። ሁለተኛ ግን እንዳታደርጊው። እንደ ሹፌር ከምታወሪኝ ግማሹ ቢያመልጠኝ ይሻለኛል። ያመለጠኝን ደግመሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም ደግሜ እጠይቅሻለሁ፣ ምን ያስቸኩለናል? አንቺ መሆንሽን ግን ማንም ሳይነግረኝ እኔው ራሴ ልወቅ።

በራስሽ ድምፅ ደውዪ። ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ።

አጎትሽ ልብስ ሰፊው